ምግቡ እስኪፈጭ

አክስቴ ኤርሲሊያ ወደ ባሕር ዳሯ ከተማ ወደ ሳንሬሞ የመጡት ባሕር ለመግባት ነበር፤ ለሌላ ለምንም አልነበረም። በመስከረም ልጃቸው ኦታቪዮ ከኩኔዮ በላይ፣ ተራራ ላይ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ሊያስገባቸው ነው። እዚያ በረዶ እንጂ ባሕር የለም። «አንዴ ብቻ እስከ አንገቴ ልግባ፤ ከዚያ ወደ ፈለጋችሁበት ውሰዱኝ» ብለው ነበር በስልክ። እኔ የከተማው ነዋሪ ስለሆንኩ ጥላና ወንበር አስይዤ ጠበቅኳቸው።

ከባቡር ሲወርዱ የዋና ልብሳቸውን ከቀሚሳቸው ስር ለብሰው ነበር።

«በቀጥታ ወደ ባሕሩ እንሂድ፣ አምብሮጆ» አሉኝ።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ኦታቪዮ። «እማዬ ባቡር ላይ ዳቦ በወተት በልታለች። ሦስት ሰዓት መቆየት አለባት።»

እኛ አገር የበላ ሰው ምግቡ ሳይፈጭ ባሕር አይገባም። ልጅ ሁሉ ይህን ሰምቶ ያድጋል፤ የኦታቪዮ ግን ለብቻው ነው። ስልሳ ሊደፍን ነው፤ ዛሬም አንድ ፍሬ ወይን ከቀመሰ እግሩን አያርስም።

ተቀመጥን። ውሃው እንደ ዘይት ረግቷል። አክስቴ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ባሕሩን ያያሉ። እኔ ጸጉር ቆራጭ ነኝ፤ ሰው ወንበሬ ላይ ተቀምጦ ያሻውን ሲያወራ ዝም ብዬ መስማት ለምጃለሁ። የዚያን ቀን ግን ገና ምሳ ሳይደርስ «ጌታ ሆይ፣ ትዕግሥት ስጠኝ» ማለት ጀመርኩ።

ሰዓቱ ሊሞላ ሲል የኦታቪዮ ሚስት ሚሬላ፣ የአማቷ የደም ግፊት እንዳይወርድ ብላ፣ በዘይት የራሰ ዳቦ ቆርሳ ሰጠቻቸው። አክስቴም የምራት እጅ አይመለስም ብለው ጎረሱ።

«ሚሬላ፣ ምን ማድረግሽ ነው?» አለ ኦታቪዮ። «እንደገና ከመጀመሪያ ልንቆጥር ነው።»

«ቁራሽ እኮ ናት» አልኩት።

«አጎት ፓስኳሌን ባሕር ውስጥ የገደለችውስ? አንዲት በለስ አይደለች?»

«ፓስኳሌ ሰክሮ ነበር» አሉ አክስቴ። «በለሷ ምንም አላጠፋች።»

ምሳ ደረሰ። ሚሬላ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ የሠራችውን የዝኩኒ እንቁላል ጥብስ ዘረጋች። አክስቴ «አልራበኝም» አሉ።

«ይሁን» አለች ሚሬላ ክዳኑን እየመለሰች። «የእኔ እጅ ድሮም አይጥምዎትም።»

አክስቴ እኔን አዩኝ፤ እኔም መሬት መሬት አየሁ። እሳቸውም እንደ ምንም በሉ። ኦታቪዮ የእጅ ሰዓቱን ተመለከተ።

ከምሳ በኋላ ባልና ሚስቱ አንቀላፉ። አክስቴ ግን ዓይናቸውን አልከደኑም። በእሳቸው ዕድሜ ያለች አንዲት ሴት ነጭ ቆብ አድርጋ ውሃው ላይ በጀርባዋ ጋደም ብላለች።

«እያት» አሉኝ ቀስ ብለው። «ልጅ የላትም መሰለኝ።»

ሁለቱ ሲነቁ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ሚሬላ ኮክ ልጣ ለአማቷ ዘረጋች። አክስቴ በዚህኛው ጊዜ ከንፈራቸውን ገጥመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ኦታቪዮ ኮኩን ተቀብሎ እየበላ፣ «ሰዓቱስ ሞልቶ ነበር» አለ። «ግን ውሃው ቀዝቅዟል፤ ባቡራችንም ደርሷል። ለከርሞ ይሻላል፣ እማዬ።»

ለከርሞ። እኔ የሰው ነገር መሀል አልገባም፤ ያኔ ግን አልቻልኩም።

«ኦታቪዮ፣ እናትህ የመጡት ለዚህ ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እኮ ስታበሏቸውና ስታስጠብቋቸው ዋላችሁ።»

«አንተ ምን አለብህ?» አለኝ። «አባዬ የእሑድ ምሳውን በልቶ እጄ ላይ ነው የሞተው። አንተ አልነበርክም።»

«አባትህ የሞተው ወንበር ላይ ነው» አሉ አክስቴ። «ባሕር ውስጥ አይደለም።»

«ታዲያ የበላ ሰው ባሕር አይገባም ብሎ ያስተማረኝ ማነው? አንቺ አይደለሽም?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ። አምስታችሁም ትንንሽ ነበራችሁ። ከምሳ በኋላ ትንሽ ልተኛ ብዬ ነው እንዲያ ያልኳችሁ።»

ኦታቪዮ የኮኩን ፍሬ ጠጠሩ ላይ ጣለ። «ለመግባት ብለሽ ነው እንዲህ የምትይው።»

«እናቴም ለእኔ እንዲሁ ትለኝ ነበር። እሷም እንቅልፍ ትወድ ነበር።»

ይህን ብለው ተነሱ፤ ቀሚሳቸውን አውልቀው ወንበሩ ላይ ጣሉት፤ በጠጠሩ ላይ እየተንገዳገዱ ቁልቁል ሄዱ። ኦታቪዮ ከኋላቸው ሮጠ።

«እማዬ፣ ብቻሽን አትገቢም!»

«እንግዲያው ና።»

«አሁን ኮክ በልቻለሁ እኮ።»

«አይቻለሁ» አሉት ሳይዞሩ።

ገባ። ከነሱሪው፣ ከነሰዓቱ። ሚሬላ አማተበች። እኔም በልቤ ጸለይኩ፤ ለማን እንደሆነ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ውሃው ደረታቸው ሲደርስ ኦታቪዮ የእናቱን ክንድ አጥብቆ ይዞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ።

«ሞትክ?» አሉት።

ትንሽ አሰበ። «ገና ነኝ።»

«እንግዲያው ልቀቀኝና አንተ ጠብቅ፤ እኔ ጋደም ልበልበት።»

ጣቶቹን አንድ በአንድ አላላቸው። አክስቴ ጀርባቸውን ለውሃው ሰጡ፤ ሽበታቸው ዙሪያቸውን ተበተነ። እሱ አጠገባቸው እንደ ምሰሶ ቆሞ፣ ሁለት እጆቹን ከስራቸው ሳይነካቸው ዘርግቷል።

ሚሬላ ከዳር ሆና «ባቡሩ ያመልጠናል» ብላ ተናገረች። የሰማኋት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔም ለማንም አላስተላለፍኩም።