ጋራዥ ሲደርስ የሚድን መኪና

የኦክቡን አሮጌ ፒክአፕ መንገድ ላይ ይሞታል፣ ጋራዥ ሲደርስ ይድናል። ከጸደይ ወዲህ ከፖም እርሻዋ በሚወርደው ኮረኮንች ላይ ድንገት ጸጥ ይልባታል፤ ትንሽ ቆይታ ቁልፉን ስታዞረው ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሳል። መካኒኩ ዶክጉ ሦስት ጊዜ ፈትሾታል። የናፍጣ ማጣሪያውን ለወጠ፣ ባትሪውን አየ፣ ራሱ እስከ ድልድዩ ነድቶት ተመለሰ። አንዴም አልጠፋበትም።

አሁን ግን ቀልዱ አልቋል። ልጇ ጊቴ ከሴኡል ደውሎ፣ «እማዬ፣ ገደል አፋፍ ላይ ቢጠፋብሽስ? ቅዳሜ መጥቼ ለብረታ ብረት ገዢ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። ዛሬ ሐሙስ ነው። አውቶቡስ በቀን ሁለቴ ብቻ በሚያልፍበት መንደር፣ ለሰባ ሦስት ዓመቷ ኦክቡን ያ መኪና እግሯ ነው። ከሟች ባሏ ከፓንሶክ የቀራትም እሱ ነው።

እንደ ልማዷ ጋራዡ ጋ ሳትደርስ ወፍጮ ቤቱ ጀርባ ቆመች። የዚህ መኪና ሞተር ያለው ከወንበሩ ሥር ነው። ወንበሩን አነሳች፣ በነጭ ክር የታሰረውን ደረቅ ዓሣ ፈታች፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ወሸቀችው። ፓንሶክ መኪናውን የገዛ ዕለት፣ እንደ ጥንቱ የኮሪያ ልማድ፣ ክፉ እንዳያገኘው ብሎ እንዲህ ያለ ዓሣ አስሮበት ነበር፤ የሱን ዓሣ አይጥ ስለበላው በጸደይ እሷ ተካችው። ዶክጉ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ ባለፈው ፋሲካ ስትጠመቅ አጠገቧ ቆሟል። ከነዓሣዋ በምን ዓይኗ ታየዋለች?

«እትዬ ኦክቡን፣ በሽተኛችን ዛሬስ እንዴት አደረ?» አላት ዶክጉ፣ ጋራዡ ስትደርስ።

«ትናንት ሁለቴ ጠፋ። አንተ ጋ ሲመጣ ግን ጨዋ ነው።»

«ያፍረኛል መሰለኝ።»

ሞተሩን አስነስቶ ወንበሩን ከፈተና አሸተተ።

«ዓሣ ጭነው ነበር እንዴ?»

«ለሾርባ።»

«ከወንበር ሥር?»

ኦክቡን ቦርሳዋን ወደ ጎኗ ሳብ አደረገች። ዶክጉ የእጅ ባትሪውን አብርቶ አጎነበሰ፤ ወደ ናፍጣ ፓምፑ ከሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ ጣት የምታህል ነጭ ክር በሁለት ጣቱ መዘዘ። ሽቦውን ነካ ሲያደርገው ጫፉ ውልቅ አለ፤ ሞተሩም ወዲያው ጸጥ አለ።

«ይኸው!» አለ። «ይሄ ሽቦ ኮረኮንች ላይ ሲጎተት ይለቃል፣ ናፍጣውም ይዘጋል፤ መለስ ሲል ደግሞ ይነሳል። እትዬ፣ እዚህ ላይ ምን አስረው ነበር?»

ፊቷ ጋለ። ብትዋሽ ቅዳሜ መኪናው ይሄዳል። ቦርሳዋን ከፍታ ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ ዓሣው አፉን ከፍቶ ብቅ አለ።

«በል ተቆጣኝ፣ ሽማግሌ።»

ዶክጉ ዓሣውን አየ፣ እሷን አየ፣ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

«ከዛሬው ጋር አራት ጊዜ! በሽታውን ቦርሳ ውስጥ ደብቀው ሐኪም ጋ ይመጣሉ!»

«አፍሬህ ነዋ!»

ሽቦውን አጥብቆ ካሰረ በኋላ እንደገና አጎነበሰ። «ፓንሶክ የት ነበር የሚያስረው?»

«እንጃ። እኔ ያገኘሁት ላይ አሰርኩት።»

«ይምጡ እስቲ ይዩ።»

ከሞተሩ ራቅ ብሎ፣ ከመኪናው ብረት ላይ፣ በዘይት የጠቆረ የሽቦ መንጠቆ ነበር። ኦክቡን እጇን ሰዳ ዳሰሰችው። ጫፉ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ፓንሶክ ሽቦ በጠመዘዘ ቁጥር እጇን እንዳይወጋት ጫፉን እንዲህ ያጥፈው ነበር። እዚያው ቆማ አለቀሰች፤ ናፈቃት።

ዶክጉ ዓሣውን አቀበላት።

«ኃጢአት አይሆንም?»

«ስለሱ እሁድ እንነጋገራለን። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ዛሬ መካኒክ ነኝ።»

መንጠቆው ላይ አሰረችው። ዶክጉ አጠገቧ ተቀምጦ ኮረኮንቹን ሦስት ጊዜ ወጡ፣ ሦስት ጊዜ ወረዱ። ሞተሩ አንዴም አልጠፋም። እርሻው በር ላይ አቁማ ለልጇ ደወለች።

«ጊቴ፣ ቅዳሜ ና። ፖም የሚጭንልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«መኪናውስ?»

«ድኗል።»

«ምን ነበር በሽታው?»

ዶክጉ በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረ።

«እኔ» አለችው።