ወሬ ያበዛሉ የተባሉት ሽማግሌ

ነገሩ የጀመረው ታናሽ ወንድሜ ከተማ ሦስት ቀን ሠልጥኖ የተመለሰ ዕለት ነው። ሲመጣ አፉ ላይ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የደንበኛ እርካታ»። እንደ ክፉ ሳል አልለቅ አለው።

ምግብ ቤታችን ከኩሽናውና ከጓዳው በቀር ጣሪያ የለውም። ወንዙ ዳር፣ ከዛፎቹ ሥር ስምንት ጠረጴዛ አለን፤ ቅዳሜና እሁድ የከተማ ሰው በመኪና እየመጣ ይመገባል። እኔ አበስላለሁ፣ ወንድሜ ያስተዳድራል። አባባ ደግሞ እንግዳውን ወደ አትክልቱ መደብ ይወስዳል። ሰላጣውንም ካሮቱንም እንግዳው ራሱ መርጦ ያስነቅላል። አባባ እየነቀለ ያወራል፤ ይሄ መቼ እንደተዘራ፣ ያኛውን ውርጭ እንዴት እንደሳተው፣ ነፍሷን ይማርና እናታችን የትኛውን መደብ ከፍ አድርጋ እንደደለደለችው። ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ነው። ምግቡ ይዘገያል፣ አዎ። የቸኮለ ከተማው ውስጥ ቆሞ ይብላ።

ወንድሜ የአስተያየት ሳጥን አሠርቶ ዛፉ ላይ ቸነከረ። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ምን ጎደለ?» ምን ወደዱ የሚል የለም። ሰው ጉድለት ፈልግ ከተባለ መቼም አያጣም። አንዱ ዝንብ አለ ብሎ ጻፈ፤ አንዷ ወንበሩ ይወላገዳል አለች። አንዱ ደግሞ «ሽማግሌው ወሬ ያበዛሉ» አለ።

አንድ ሰው ነው፣ አንድ መስመር። ወንድሜ ግን ወረቀቱን ይዞ መጥቶ፣ አስተናጋጆቹ ቆመው እየሰሙ አባባ ፊት አነበበው።

«አባባ፣ ቅር እንዳይልህ፤ አስተያየት ነው። ለጊዜው ጓዳ ሁንልን» አለው።

«እሺ ልጄ» አለ አባባ።

ደሜ ፈላ። «አንተ፣ በማን መሬት ላይ ቆመህ ነው ማንን ጓዳ የምታስገባው?»

«እህትዓለም፣ ስሜት ሌላ፣ ሥራ ሌላ» አለኝ። ሊሸነግለኝ ሲፈልግ ነው እህትዓለም የሚለኝ።

አባባ አምስት ሳምንት ጓዳ ተቀምጦ ነጭ ሽንኩርት ላጠ። ማታ ቤት ስንገባም ዝም ነው። ጨው አነሰው ወይ ስለው ራሱን ይነቀንቃል። ንዴቴን በድስቶቹ ተወጣሁ፤ ሁለት ክዳን አጣምሜያለሁ።

በስድስተኛው ሳምንት ሳጥኑ ሞልቶ ተገኘ። ምን ጎደለ? «ሽማግሌው።» «አባት የት ሄዱ?» «ልጆቼን ያመጣኋቸው ካሮት እንዲያስነቅሏቸው ነበር።» ወንድሜ አንብቦ ፊቱ በራ። ይቅርታ የምትል ቃል ግን ካፉ አልወጣችም።

«አባባ፣ እሁድ ትወጣለህ፤ ተፈልገሃል» አለው፤ ከመጋዘን ዕቃ የሚያስወጣ ይመስል።

እሁድ አባባ ኮቱን ለብሶ ወጣ። አንዲት ሴት ተከተለችው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ በኩሽናው መስኮት አያለሁ። ሰላጣ ነቀለ፣ አፈሩን አራገፈ፣ ሰጣት። አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወንድሜ ጠረጴዛዎቹ መሀል ቆሞ ፈገግ ይላል።

ሴትየዋ ወደ ጥጉ ጠቆመች። «አባት፣ ያ መደብ ለምንድን ነው ብቻውን ከፍ ያለው?»

የእናቴ መደብ ነው።

አባባ አፉን ከፈተ። ከዚያ ዘወር ብሎ ወንድሜን አየው፤ ልናገር ወይ እንደማለት።

ቢላዋውን አስቀመጥኩት። እጄ ላይ ባይቆይ ይሻላል።