ከንግግሩ የወጣው ውሃ

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር፤ ሌሊቱን በጭሮ ተራሮች ላይ ያደረው ጉም ገና አልተነሣም። እፀገነት የፒካፑን በር ይዛ ቆማ፣ ሾፌሩ ኢዘዲን ድምፅ ማጉያውን በመኪናው ጣሪያ ላይ በገመድ ሲያስር ትመለከታለች። መኪናው፣ ድምፅ ማጉያው፣ ከኋላቸው ያለው የፓርቲው ቢሮ ኪራይም ጭምር የነጋዴው የሐጂ ቡሽራ ልገሳ ነው። ኢዘዲንም ደመወዙን የሚቀበለው ከእርሳቸው ነው።

"ሲስተር፣ አንቺ ከፊት ግቢ። ሊቀመንበሩ ከኋላ ይሁኑ። እንደ ሙሽራ ይዘንሽ እንሂድ" አለ።

"በዚህ ዕድሜዬ?"

"ዋላሂ፣ ገለምሶ ብንሄድ ሽማግሌ ይላክብሻል!"

ሳቀች። ከትናንት ከሰዓት ወዲህ ያነጋገራት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነበር።

እፀገነት አዋላጅ ነርስ ናት። በወጣትነቷ ከጎጃም ተመድባ መጥታ ቦርደዴ ጤና ጣቢያ ሠርታለች፤ ጡረታ ስትወጣ ጭሮ ቀረች። ባሏ ከሞተ፣ ልጇ ኑሃሚንም አግብታ ሐዋሳ ከሄደች ወዲህ በቤቷ የሚሰማው ድምፅ የሬዲዮ ነው። ፓርቲው ለምክር ቤት ዕጩ ሲያደርጋት ስልኳ እንደገና መጥራት ጀመረ።

መኪናው ወደ ቆላው ሲወርድ ጉሙ ከኋላ ቀረ። ሚኤሶን እንዳለፉ፣ የፓርቲው የቅርንጫፍ ሊቀመንበር ተስፋዓለም ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ጎንበስ አለ።

"እፀገነት፣ የፓምፑን ጉዳይ ከንግግርሽ አውጪው።"

"የቱን ፓምፕ?" ብታውቅም ጠየቀች።

"የቦርደዴን የጉድጓድ ፓምፕ እናስጠግናለን የሚለውን። ትናንት ተወስኗል።"

"ትናንት አብሬያችሁ ነበርኩ።"

"በጊዜ ወጣሽ።"

እውነቱን ነው። ስብሰባው በሐጂ ቡሽራ ቤት፣ በርጫ ላይ ነበር። እርሷ ጫት አትቅምም። ሰዎቹ ትራስ ተደግፈው እየቃሙ ሲቀልዱ፣ ሲከራከሩ፣ ሲሳሳቁ አብራ ቆየች። ኋላ ጨዋታው ሲቀዘቅዝና ሁሉም በየሐሳቡ ዝም ሲል ስብሰባው ያለቀ መሰላትና ተሰናብታ ወጣች። ይህን ያህል ዘመን እዚህ አገር ኖራ፣ ቁም ነገሩ የሚነሣው ከዚያ ዝምታ በኋላ መሆኑን ዘንግታ ነበር።

"ሐጂ ናቸው ይውጣ ያሉት?"

"እርሳቸው ምንም አላሉም። 'የእኔ ቦቴ ውሃ ባያመላልስ ቦርደዴ ምን ይጠጣ ነበር?' ብለው ብቻ ጠየቁ። ከዚያ ዝም አሉ። የቀረውን የወሰንነው ራሳችን ነን።"

ኢዘዲን ሙዚቃውን ከፍ አደረገ።

"ለቦርደዴ ሴቶች ቃል ገብቻለሁ" አለች እፀገነት።

"በአባላት መዋጮ ኪራዩን መክፈል አቅቶን ቢሮው ሲዘጋ ወንበሮቹን ቤቴ ያጋዝኩት እኔ ነኝ። በጀርባዬ! አሁን በየወረዳው ታፔላ አለን። አንድ ዐረፍተ ነገር ነው የምልሽ። ስንመረጥ እንናገረዋለን።"

"ስንመረጥ መኪናው የማን ሊሆን ነው?"

ተስፋዓለም ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

ቦርደዴ ሲደርሱ ፀሐዩ በርትቷል። በየማለዳው የሚመጣው የሐጂ ቡሽራ ቦቴ ከገበያው ዳር ቆሞ፣ ሴቶች ከኋላው ጀሪካን ደርድረው ተራ ይጠብቃሉ። ኢዘዲን ፒካፑን ከቦቴው ጎን አቁሞ ወረደና የቦቴውን ሾፌር አቅፎ ሰላም አለው። ልጆቿን ሁሉ እፀገነት ያዋለደቻት ኩብራ ተራዋን ትታ እየሮጠች መጣች።

"ዋሪያ ሲስተር! አረጀሽ እኮ!"

"አንቺስ? ጥርስሽ የት ሄደ?"

"ሐጂ ለውሃ ሒሳብ ወሰዱት!"

ሴቶቹ ሳቁ፤ የቦቴው ሾፌር ዞር ሲል ሳቁ ቆመ። ኩብራ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "የቢሻኑን፣ የውሃውን ነገር ዛሬ ትናገሪያለሽ አይደል?" አለች።

ተስፋዓለም ማይክራፎኑን አምጥቶ ሰጣት። "መንገድ፣ ጤና፣ ሰላም። በቃ።"

በኦሮምኛ ተናገረች። ስለ መንገዱ ተናገረች፤ ስለ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ተናገረች። ድምፅዋ ከሱቆቹ ቆርቆሮ ላይ ነጥሮ ሲመለስ የሌላ ሰው መሰላት። ስለ ፓምፑ ልትናገር ካሰበችበት ቦታ ስትደርስ ማይክራፎኑን ከአፏ ዝቅ አደረገች። ሴቶቹ ጠበቁ። ወደ ተስፋዓለም ተመለከተች፤ እርሱ ጫማውን ያያል። ከተናገረች ከዛሬ ማታ ጀምሮ ስልኳ እንደማይጠራ ዐወቀች።

ማይክራፎኑን አጠፋች። በፒካፑ ወንበር ላይ አስቀምጣው ወደ ሰልፉ ሄደችና ከኩብራ አጠገብ ቆማ፣ በዚያው በማዋለጃ ክፍል ድምፅዋ ተናገረች።

"ፓምፑን እናስጠግናለን ልላችሁ ነበር የመጣሁት። ፓርቲው ከንግግሬ አወጣው። ያስወጣውም ይህ ቦቴ ነው።"

ያጨበጨበ የለም። ሴቶቹ ዐይናቸውን በየጀሪካናቸው ላይ ጣሉ። ኩብራ ክንዷን ያዘቻት።

"ቀስ በይ ሲስተር" አለች በሹክሹክታ። "የእኔ ገና አልሞላም።"

የፒካፑ ሞተር ተነሣ። ተስፋዓለም ከፊት ወንበር ተቀምጦ በሩን ዘጋ፤ የተጠቀለለውን የማይክራፎን ገመድ በጉልበቱ ላይ ይዟል። ኢዘዲን በመስኮት ብቅ ብሎ "ሲስተር፣ ነይ ግቢ፤ እንሂድ" አላት። ራሷን ነቀነቀች። መኪናው ሄደ።

እፀገነት የኩብራ ጀሪካን እስኪሞላ በተራው አብራት ቆመች፤ ሲሞላም ከወዲያ ጫፍ ይዛ በጀርባዋ አሸከመቻት።

በማግስቱ ቦቴው ቦርደዴ አልመጣም።