አሚን የተባለበት ድምፅ

አብዱልጀባር ምርጫ በመጣ ቁጥር ቴንስታ በተባለው የስዊድን ሰፈር፣ ድምፅ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በር ላይ ቆሞ የፓርቲውን የምርጫ ወረቀት ሲያድል ሃያ ዓመት አልፎታል። ሥራው አውቶብስ መንዳት ነው፤ ፓርቲው ግን ያለ እሱ ሰፈሩን አያውቀውም ነበር። ኧረ የት አውቆት! አንድ ዓመት የወሎ ሙስሊም ለሞላበት ሰፈር የአሳማ ቋሊማ ሊጠብሱ መጡ እኮ። ሮጦ ሄዶ አስቁሞ ቴምር ያስገዛቸው እሱ ነው። በየአራት ዓመቱ ይመጣሉ፣ ፊኛ ያድላሉ፣ ድምፁን ይዘው ይሄዳሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዓይናቸውን ማየት የለም።

ስለዚህ ባለፈው ምርጫ የሟች ጓደኛው የሐምዳን ልጅ ሩሚሳ ለከተማው ምክር ቤት ስትወዳደር፣ "ተመስገን፣ የራሳችን ሰው አገኘን!" ብሎ ከሥራው ፈቃድ ወስዶ ተነሳላት። በፓርቲው ዝርዝር ላይ አሥራ ስምንተኛ ነበረች። እዚህ አገር ግን መራጩ በወደደው ሰው ስም አጠገብ ምልክት ካደረገ፣ ያ ሰው ከኋላ ተነስቶ ፊተኞቹን ሊቀድም ይችላል። አብዱልጀባር ፎቅ ለፎቅ እየወጣ፣ ስሟን በጣቱ እያሳየ፣ ይህንኑ ሲያስተምር ከረመ።

የሰፈሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚኖሩበት ፎቅ ሥር ያለችው ሎካል፣ የመሰብሰቢያ ክፍላቸው፣ እንዳትዘጋባቸው። ቀን ቀን የሚሰበሰቡት፣ የሚሰግዱት፣ ከማዘጋጃ ቤቱ ከኮሙን የሚመጣ ደብዳቤ የሚነበብላቸው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። ሩሚሳ መጥታ መሃላቸው ተቀመጠችና በተሰባበረ አማርኛዋ "እኔ እያለሁ አትዘጋም" አለች። እጅ ተዘረጋ፣ ዱአ ተደረገ፣ አሚን ተባለ። አንዱ "በጽሑፍ ብትሰጠንስ?" ቢል አብዱልጀባር ቱግ አለ።

"ዱአ ተደርጎበት ደግሞ ወረቀት? የሐምዳን ልጅ እኮ ናት! ደሞስ እኔ አለሁ አይደል?"

ሰውየው አፍሮ ጥያቄውን ተወው። ሩሚሳም አሸነፈች።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ሎካሏ እንደምትዘጋ ደብዳቤ መጣ። ትዘጋ ብለው ድምፅ ከሰጡት ሰዎች ስም መሃል የሩሚሳም አለበት። አብዱልጀባር ሦስት ጊዜ መላልሶ አነበበው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ይሰማ ነበር፤ እኔን ይጥለኛል ብሎ ግን አስቦም አያውቅ።

በማግስቱ ቢሮዋ ሄደ። ወንበር ስታቀርብለት አልቀመጥም አለ።

"ቃልሽስ?"

"ጋሼ፣ እኔም ከፍቶኛል። ግን ፓርቲው ወሰነ። ደግሞ እኮ ፕሮቶኮል፣ ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ነገር የለም።"

"አሚን ብለሻል!"

"እሱማ ጸሎት ነው እኮ ጋሼ…" ብላ ቀሪውን በስዊድንኛ ጨረሰችው። ጸሎት ማንንም አያስገድድም፣ ነበር ያለችው። አባቷን ቀብሮ፣ ለቅሶ ተቀምጦ፣ እጇን ይዞ ትምህርት ቤት ያመላለሳት ልጅ! ትቷት ወጣ።

መስከረም ላይ የምርጫው ቀን ደረሰ። አብዱልጀባር እንደ ልማዱ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመ፤ ዛሬ ግን ባዶ እጁን ነው። የመጣው እንደ እሱ የተከዱትን ሰዎች አግኝቶ አብሯቸው ሊያዝን ነበር። ሰው ግን ሰላምታውን ቶሎ ቶሎ እየመለሰ ያልፋል። መጨረሻ ላይ እማማ አስያ ባለ ጎማ ምርኩዛቸውን እየገፉ መጡ። እሳቸው ወትሮ "የቱ ላይ ነው ምልክቱ፣ ልጄ?" ሳይሉት፣ መርቀውትም ሳይጨርሱ ገብተው አያውቁም። ዛሬ አልጠየቁትም።

"እማማ፣ አዩልኝ? ልጅቷ ከዳችን እኮ!" አለ፣ መንገዳቸው ላይ ገብቶ።

እማማ አስያ ቀና ብለው አዩት።

"እኔ ልጅቷን የት አውቃትና ነው፣ አብዱልጀባር?" አሉ። "ያን ቀን አሚን ያልኩት አንተን አምኜ ነው።"