ከበሩ ጀርባ የተሰቀለው ዩኒፎርም

አክስቲቱ ልጅቷን ከገጠር ያመጣቻት «አስተምራታለሁ» ብላ ለወንድሟ ቃል ገብታ ነው። አሰፋችላት ደግሞ፤ ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ ልክ በልኳ። አልብሳ ፎቶ አስነሳቻትና ፎቶውን ለአባትየው ላከች። ከዚያ ዩኒፎርሙ ወጥ ቤቱ በር ጀርባ ተሰቀለ፤ ልጅቷም ሽርጥ ታጠቀች። ትምህርት ቤቱስ? «ነገ።» ይኸው ሁለት ዓመት ሞላው።

ጉድ እኮ ነው! አክስቲቱ ራሷም በዘጠኝ ዓመቷ እንዲሁ ተብላ ነበር ከተማ የገባችው፤ የገዛ አክስቷ ሽርጥ አስታጥቃ አስቀረቻት። ያን ሁሉ ለቅሶ ምን በላው?

አንድ ሰኞ ከሥራ ስትመለስ የዩኒፎርሙ እጅጌ ላይ ቀለም አየች።

«ለብሰሽው ወጣሽ?»

«ኧረ አክስቴ! በሩን ቆልፈሽብኝ አይደል የሄድሽው?»

እውነቷን ነው፤ ቁልፉ አክስቲቱ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አጥባ መልሳ ሰቀለችው። በሳምንቱ ክርኑ ሳስቶ፣ ትከሻው ጠመኔ ነክቶት ተገኘ። ከኪሱ የወጣው ወረቀት በልጅ እጅ ጽሑፍ ተሞልቷል፤ ግርጌው ላይ በቀይ «ጎበዝ» ይላል። ፊደል ያልቆጠረች ልጅ! አክስቲቱ ወረቀቱን አቃጠለችው።

ሐሙስ፣ አክስቲቱ ከሥራ በቀረችበት እኩለ ቀን ላይ፣ ወንድሟ፣ የልጅቷ አባት፣ ሳይናገር ከተፍ አለ። ልጅቷ ወጥ ቤት ሳህን እያጠበች ነበር፤ ድምፁ ሳሎን ድረስ ይሰማል። አክስቲቱ ክው አለች፤ አፏ ግን ቀደማት።

«ትምህርት ቤት ናት።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። መንገዴ ነው ብዬ ጎራ ስል ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት» አለ ፊቱ በርቶ። «ዩኒፎርሙ ሲያምርባት! ‹አክስቴ ሥራ ይዛለች፣ ሳህን እያጠበች ነው› አለችኝ።»

የሳህኑ ድምፅ ቀጥሏል።

ሮጣ ወጥ ቤት ገባች። ማንም የለም። ከበሩ ጀርባ ሚስማሩ ባዶውን ቀርቷል። ድምፁ ጸጥ ሲል እጆቿን አየች፤ እስከ ክርኗ አረፋ ናቸው። ወገቧን ዳበሰች፤ ሽርጡ ታስሯል። ልትፈታው ታገለች፣ ወይ ፍንክች! ድርብ ቋጠሮ ነው፤ ያኔ በዘጠኝ ዓመቷ አክስቷ ያሰረችው ቋጠሮ። ወንድሟን ልትጠራ አፏን ስትከፍት ከጓዳ አንድ ድምፅ ቀደማት። ከሞተች ሠላሳ ዓመት የሆናት የአክስቷ ድምፅ ነበር።

«አንቺ ልጅ!»

«አቤት፣ መጣሁ» አለች፤ ድምፅዋ ቀጥኖ የልጅ ሆኗል። «አክስቴ፣ ትምህርት ቤትስ?»

«ነገ» አላት ድምፁ ከጓዳ።