ፋሻ አምጪ

ወንድሜን ፌንጣ የምንለው ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ መሬት ስለማይነካ ነው። አድጎ የገዛት ሞተር ሳይክልም ያው እንደሱ ናት፤ አስፋልት አትወድም፣ ጭቃና ጉብታ ላይ ካልዘለለች ቀኑ አይመሽላትም። ባለፈው ዓመት ስትዘል አየር ላይ ጣለችው። እግሩ ውስጥ ብረት አስገቡለት። ሆስፒታል ወንበር ላይ ተጎልቼ የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ከማደንዘዣው ሲነቃ ግን ከአፉ መጀመሪያ የወጣው "ሞተሯ ደህና ናት?" የሚል ነበር። በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር።

ዘንድሮ ሞተሩ ተበትኖ ሳሎናችን ገባ። ሶፋው ተገፋ፣ ምንጣፉ ተጠቀለለ፣ እኔ የተኮስኩት ነጭ አንሶላ ወለሉ ላይ ተነጠፈ። ገጣጣሚው አባዬ ነው። ዕድሜውን ሙሉ መካኒክ ነበር፤ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ቤት ዋለ፣ አሁን ኦፕሬሽን ተደርጎ ያያል። ዳዶ የምንለው የጋራዥ ባለቤት፣ ድሮ የአባዬ ረዳት የነበረው፣ "ጋሼ፣ ይቺን አንዷን ገጥመው ያስነሷት፤ ከዚያ ቦታዎ ይጠብቅዎታል" ብሎት ነበር። ለፌንጣ ጨዋታ የሆነው ለአባዬ ፈተና ነበር ማለት ነው። ይህን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሻችሁም።

ግን ለእኔ የታየኝ የወንድሜ እግር ብቻ ነው። አባዬ ዕቃውን እየደረደረ ያስረዳን ነበር። "ይቺ ፋሻ ናት" አለ፣ ቀጭን የብረት ቀለበት አንስቶ። "ፒስተኑን ዙሪያውን ታቅፋ ጉልበቱ እንዳያመልጥ ትይዛለች። ያለሷ ይሄ ሞተር ማሳል እንጂ መነሳት አያውቅም።" ሱቅ ውስጥ ከጠፋች የቆየች ዕቃ ናት፤ ፌንጣ አገር ምድሩን አዳርሶ ነው ያገኛት። ለምሳ ሲነሱ ብድግ አደረግኋትና ፍሪጁ ላይ ባለው የመድኃኒት ሳጥን ውስጥ፣ የቁስል ፋሻው ሥር ከተትኳት። ፋሻ ከፋሻ ጋር! በራሴ ብልጠት ስቄ ነበር፣ አፈር ልብላ።

በልተው ሲመለሱ ጉድ ፈላ። አባዬ አንሶላውን በእጁ ዳበሰ፣ አራገፈ፣ ሶፋው ሥር በደረቱ ገባ። "እስቲ ባትሪ ያዢልኝ" አለኝ፣ ያዝኩለት። እጁ በሄደበት ሁሉ ብርሃኑን አስከተልኩለት፤ እዚያ እንደሌለች እያወቅኩ! ጉልበቱን እያሻሸ ሲነሳ "አሁን አጠገቤ ነበረች እኮ" አለ።

"አትጨነቅ አባዬ፣ ትገኛለች" አለው ፌንጣ። እሱ እንኳን አልተቆጣም።

"ዓይኔ ነው" አለ አባዬ።

በነጋታው ለዳዶ ደወለ። "ልጄ፣ ፊት ለፊቴ ያለች ፋሻ ጠፋችብኝ። ዓይኔ አልተመለሰም፤ ሌላ ሰው ፈልግ" አለው። እኔ ወጥ ቤት ሳህን እያጠብኩ ሁሉንም ሰማሁ። ብናገር ፌንጣ ይጋልባል፣ ዝም ብል አባዬ ዓይኑ እያየ ታውሮ ይቀራል። ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ራሴን ስሸነግል እሑድ ደረሰ።

እሑድ ከሰዓት ፌንጣ "በአሮጌው ፋሻ እሞክራለሁ" ብሎ ሲሊንደሩ ላይ የተጋገረውን አሮጌ የማሸጊያ ወረቀት፣ ጓርኒሲዮኑን፣ በምላጭ መፋቅ ጀመረ። አባዬ ሶፋው ላይ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተቀምጧል። ወጥ ቤት ሆኜ ድንገት የፌንጣን ጩኸት ሰማሁ።

"ፋሻ! ፋሻውን አምጪ፣ ቶሎ በይ!"

ክው አልኩ። በቃ፣ ታወቀብኝ። ማን አየኝ፣ እንዴት ደረሱበት ብዬ አልጠየቅኩም። ሳጥኑን ከፍቼ ብረቷን ከሥር መዘዝኳትና እያለቀስኩ ሳሎን ገባሁ። "ይኸው! ይቅር በሉኝ" ብዬ ዘረጋሁላቸው።

ፌንጣ አውራ ጣቱን ጨብጦ ቆሟል። ደሙ ነጩ አንሶላ ላይ ይንጠባጠባል። አንዴ እጄን፣ አንዴ ፊቴን አየ።

"እኔ እኮ... ለጣቴ ነው" አለ።

አባዬ ተነስቶ መጣ። ብረቷን ከእጄ ወስዶ ዙሪያዋን በጣቱ ዳሰሳት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቶ አያት። ይሰድበኛል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ምነው በመታኝ!

"ባትሪውን የያዝሽልኝ አንቺ ነበርሽ" አለኝ።

ራሱ ሄዶ የቁስሉን ፋሻ አመጣና የፌንጣን ጣት ማሰር ጀመረ።

"አባዬ፣ ለዳዶ ደውልለት" አለው ፌንጣ።

"ምን ብዬ?"

"ዕቃዋ ተገኘች በለዋ! እሷ ናት የደበቀችው በለው!"

"ልጄ ደብቃብኝ ነው ልበለው?" አባዬ ቋጠሮውን አጠበቀ። "ተወው። ታውሯል ቢሉኝ ይሻለኛል።"

ይህን ስሰማ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ ደወልኩ። "አንቺ ልጅ፣ አስቀምጪው" አለኝ አባዬ፤ አላስቀመጥኩም።

"አቤት!" አለ ዳዶ፣ ከጀርባው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። "አንቺ ነሽ እንዴ? ጋሼስ? ዓይናቸው እንዴት ሆነ?"

"ዓይኑስ ደህና ነው" አልኩት። "ፋሻዋን የደበቅኩበት እኔ ነኝ።"