የአባቴ መዳፍ ከሌንሱ ፊት

አባቴ በሲኒማ ቤቱ ስሙ አባ ጨለማ ነበር። ስሙን ያወጡለት ከፊት ወንበር የሚቀመጡት የርካሽ ትኬት ደንበኞች ናቸው፤ እነሱ ያወጡትን ስም ደግሞ ሞትም አያስለቅቀውም። ሥራው ፊልም ማሳየት ነበር። ከአዳራሹ ጀርባ በጠባብ ደረጃ ተወጥቶ የሚገባባት፣ ሁለት ትልልቅ ማሽኖች ጎን ለጎን የቆሙባት፣ ክረምት ከበጋ የምትግል ክፍል ነበረችው። እኔ ያደግሁት እዚያች ክፍል ውስጥ ነው። የቤት ሥራዬን የሠራሁት በፊልም ቆርቆሮ ክዳን ላይ ነው፤ የጋለ አምፖል ላይ የሚያርፍ አቧራ ሽታም እስከ ዛሬ ከማንኛውም ሽቶ ይበልጥብኛል። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ «ምነው ቀድመሽ በነገርሽኝ፣ ሽቶ በመግዛት ባልደከምኩ» ይላል።

አባ ጨለማ ያሰኘው አንድ ልማዱ ነው። «የዝናቡ ፊልም» የምንለው በሚታይበት ቀን ሁሉ፣ መጀመሪያ ላይ የሠሪዎቹ ስም ተራ በተራ እየወጣ ሳለ፣ ሙዚቃው ውስጥ ከበሮ ይመታል። ከበሮው ሲመታ የዳይሬክተሩ ስም ሊወጣ ነው ማለት ነው። ያኔ አባቴ መዳፉን ከሌንሱ ፊት ይዘረጋል። አዳራሹ ድቅድቅ ይላል፣ ሙዚቃው ግን ይቀጥላል። ከበሮው ሲያልቅ እጁን ያወርዳል፣ ባቡር ጣቢያው ብቅ ይላል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ለቦታው አዲስ የሆነ ሰው መብራት የጠፋ መስሎት ያፏጫል፤ ነባሩ ደንበኛ ደግሞ «ቆይ፣ አባ ጨለማ ነው» ብሎ ያረጋጋዋል። ጨለማው የፊልሙ አካል የሚመስላቸውም ነበሩ። አንድ አባወራ እንዲያውም ጨለማው የልጅቷን የወደፊት ዕጣ የሚያመለክት መሆኑን ለሚስቱ ሲያስረዳት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ፊልሙ ሌላ ስም አለው፣ ማንም ግን በዚያ አይጠራውም። አንዲት ወጣት ባቡር ጣቢያ ቆማ፣ ዶፍ እየወረደባት፣ አንድ ሰው ትጠብቃለች። ሰውዬው መጣ ቀረ፣ ለተመልካቹ ብዙም ጉዳዩ አይደለም። ጉዳዩ እሷ ናት። ትንቀጠቀጣለች፣ ከቦታዋ ግን ወይ ፍንክች። ያን መንቀጥቀጥ ያየ ሁሉ ፍቅር ማለት ይኸ ነው ብሎ ከአዳራሹ ወጥቷል። እኔም ብያለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ እጄን የያዘኝ እዚያች ቦታ ላይ ነው፤ የያዘው እጅ በለውዝ ቅባት የተበከለ ቢሆንም አልለቀቀኝም። ዛሬ ያን ጊዜ ሳስበው፣ የእንጨት ወንበሮቹን ሲጥጥታ፣ የአስገቢውን የባትሪ ብርሃን፣ ሁለት መቶ ሰው በአንድ ላይ ትንፋሹን ሲውጥ፣ ሆዴ ይባባል።

ያቺ የምትንቀጠቀጠው ልጅ አክስቴ ናት፣ የአባቴ ታላቅ እህት። አባቴ እታለም ስለሚላት እኛም እታለም ነው የምንላት። ከዚያ ፊልም ወዲህ ሌላ አልሠራችም። ከሲኒማ ቤቱ ጀርባ ባለችው መንገድ ላይ ልብስ ሰፊ ሆና ኖረች። ያችን ፀጉሯ ፊቷ ላይ የተጣበቀ ልጅ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ «ወገብሽ ጨምሯል፣ አትዋሺኝ» ከምትል ልብስ ሰፊ ጋር ማን ያገናኛታል? ሰፈሩ አላወቀም። እሷም አልተናገረችም።

በቤታችን የሚታወቀውን ሁሉ የነገረን አባቴ ነው። ዝናቡ የእሳት አደጋ መኪና ውሃ ነበር። ዳይሬክተሩ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ሲያስለቅቅባት ዋለ። ልብስ ልቀይር ስትለው ሰደባት። ስታለቅስ ደግሞ «አልቅሺ፣ ያው ውሃ ነው፣ አይታይም» አላት። እሷ ሳንባዋ ተመትቶ ሆስፒታል ስትከርም፣ እሱ ፊልሙን ይዞ ሽልማት ለመቀበል ከአገር አገር ዞረ። አባቴ ፊልሙን አላሳይም እንዳይል፣ አዳራሹን የሚሞላው እሱ ነው፣ ቤታችን የሚተዳደረውም በአዳራሹ ነው። ስለዚህ በእኔ ማሽን የዚያ ሰውዬ ስም አይበራም ብሎ ማለ። እጁን ባወረደ ቁጥር «የእሷን ስም እንኳ አልጻፈላትም እኮ» ይል ነበር። እውነት ነው፣ የሌሎቹ ተዋናዮች ስም ቀድሞ ሲወጣ የእሷ የለበትም። ከዚህ የበለጠ የሚያንገበግበው ነገር አልነበረም።

አባቴ ካረፈ በኋላ ማሽኑንም እጁንም የወረስኩት እኔ ነኝ። ከበሮው ሲመታ መዳፌ ራሱ ይነሳል። ዘንድሮ ግን ሕንፃው ተሸጠና ሲኒማ ቤታችን ሊዘጋ ሆነ። ለመጨረሻው ቀን ምን እናሳይ ብዬ ደንበኞቼን ብጠይቅ፣ ሁሉም በአንድ አፍ የዝናቡን ፊልም አሉ። ይህን ለሴት ልጄ ስነግራት ፊቷ ተቀያየረ። ዳይሬክተሩ ከሞተ ሰነባብቷል፤ ሰሞኑን ግን በሌሎች ፊልሞቹ የሠሩ ሴቶች አንድ ባንድ እየወጡ ያደረሰባቸውን መናገር ጀምረው ነበር። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው። እኔም የአባቴን የመሸፈን ልማድ ይዤ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ብዬ ላልፈው ሞከርኩ። ልጄ አላሳለፈችኝም። ውሾቹ ጅቡ እያለም ሲጮሁ ነበር፣ እናንተ ሙዚቃ እየሰማችሁ አልሰማችኋቸውም እንጂ፣ አለችኝ።

ሥራው ሌላ ሠሪው ሌላ ነው ብዬ ተከራከርኳት። ዳቦ የሚገዛ ሰው የጋጋሪውን ጠባይ አይጠይቅም፣ ምናምን። እሷም ቀስ ብላ፣

«እማ፣ ታዲያ ውሃውን ማን ለቀቀባት?» አለችኝ።

ተናደድኩ። ያን ፊልም ከሕይወቴ አውጪው ብትሉኝ የሚተርፈኝ ትንሽ ነው፤ አባቴም፣ ልጅነቴም፣ ትዳሬም እዚያ ውስጥ ናቸው። ግን ደግሞ የተንቀጠቀጠችው የእኔ አክስት ናት። ሰባት ጊዜ አሳያለሁ፣ ሰባት ጊዜ አላሳይም አልኩ። በመጨረሻ ከልጄ ጋር ተስማማን፤ እታለም ትጠየቅ፣ እሷ ያለችው ይሁን። እሺ ካላለች አዳራሹን በባዶው እዘጋዋለሁ።

ስሄድ እታለም መስፊያዋ ላይ ጎንበስ ብላ መጋረጃ ትጠልፋለች። የመጋረጃውን ጫፍ አስያዘችኝ፤ እሷ ቤት ባዶ እጁን የሚቀመጥ ሰው የለም። ነገሩን ዙሪያ ጥምጥም ሄጄ ነገርኳት። የሴቶቹንም ወሬ፣ የልጄንም ቁጣ፣ የደንበኞቹንም ምርጫ። ማሽኗን ሳታቆም ሰማችኝ። ከዚያ ማሽኗን አቆመችና፣ ብታሳዪው ስሙን ትሸፍኚዋለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እንዴታ፣ እንደ አባቴ ነዋ፣ አልኩ በኩራት።

እታለም በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ ባንድ አውጥታ የመርፌ ትራሷ ላይ ሰካቻቸው።

«አንድ ቀን ለማየት መጥቼ ነበር» አለች። «ከሆስፒታል እንደወጣሁ። ሻሽ ተከናንቤ፣ መጨረሻው ወንበር ላይ። ፊልሙን ፈልጌ አይደለም፣ ስሜን ላይ ብዬ ነው።»

«ስምሽማ የለም፣ እታለም። አልጻፈልሽም።»

«ጽፏል። ከራሱ ስም ሥር ነው ያደረገው። ‹ለመጀመሪያ ጊዜ› ይልና የእኔ ስም። እሱ ያገኘኝ፣ እሱ የፈጠረኝ ለመምሰል። እንዲህ አድርጌ ጻፍኩልሽ ብሎ ሳልታመም በፊት አሳይቶኝ ነበር። ልቤ እየመታ ስጠብቅ፣ ከበሮው መታ፣ ጨለመ።»

መጋረጃው ከእጄ ወደቀ። እኛ ምልክታችን ከበሮው ነው፤ የዳይሬክተር ስም ሁሌ መጨረሻ ላይ ስለሚወጣ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ፊደሉ ሳይወጣ መዳፋችን ይቀድማል። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ ስሟን አልጻፈላትም እያለ ሲብሰለሰል፣ ስሟን ሲሸፍን የኖረው እሱ ራሱ ነበር። ከእሱ በኋላም እኔ። ለምን አልነገርሽውም ብዬ ጮህኩባት፤ ልጮህበት በማይገባኝ ሰው ላይ።

«ምን ብዬ ልንገረው?» አለች። «ከዚያ ሁሉ ሰው ለእኔ የቆመልኝ እሱ ብቻ ነው። አንተም አጠፋኸኝ ልበለው? ይሞት ነበር እኮ። አባትሽ አህያውን ቢያጣው ዳውላውን መታ። ዳውላው ውስጥ እኔ መኖሬን በምን ይወቅ?» ከዚያ መጋረጃውን ከወለል አንስታ አራገፈችው። «አሳዪው። እንዳትሸፍኚ።»

ወደ ሲኒማ ቤቱ ስመለስ እያለቀስኩ ነበር፤ ለአባቴ አዘንኩለት፣ አዘንኩበትም። ግን እኔ የአባቴ ልጅ ነኝ፣ እጄን ዝም ብዬ አላወርድም። የእሱን ስም ብቻ ሸፍኜ የእሷን ላበራ ወሰንኩ። በማግስቱ ጠዋት ካርቶን ቆርጬ ማሽኑን አስነሳሁና አምፖሉን አደብዝዤ ፊልሙን ስሞቹ ላይ አቆምኩት፤ ልጄ አዳራሹ ውስጥ ቆማ እንድታይልኝ አደረግሁ። ካርቶኑን ከሌንሱ አጠገብ ሳደርገው ጽሑፉ ከላይ እስከ ታች እኩል ይደበዝዛል። ከሌንሱ ሳርቀው ደግሞ ጥላው ይለጠጥና የእታለምን ፊደላት ይበላቸዋል። ሁለቱ ስሞች ተጠጋግተው ነው የተጻፉት። ጠዋቱን በሙሉ ስታገል ልጄ ከታች «ሁለቱም ጠፉ»፣ «ሁለቱም መጡ» እያለች ስትጮህ ዋለች። በመጨረሻ ዝም አለች። ወርጄ ባያት የቆመው ጽሑፍ ፊት ለፊት ተቀምጣ የእታለምን ስም ደጋግማ ታነባለች።

ለእታለም ስልክ ደውዬ እንዳልቻልኩ ነገርኳት። ሳቀችብኝ።

«ተይው» አለች። «ሰው ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። እኔ ጋ ሲደርስ ያቆማል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም አለ። ልጄ ፊልሙን አላይም፣ ትኬት ግን ልቁረጥላችሁ ብላ በር ላይ ቆመች። እታለም ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ መጣች፤ ትኬቷንም እንደ ሰው ሁሉ አስቆረጠች። መጨረሻው ወንበር ላይ ስትቀመጥ በማሽን ክፍሉ ቀዳዳ አየኋት። ባለቤቴ ማሽኑን አስነሳልኝ፤ እኔ ሁለት እጆቼን ከኋላዬ አጣምሬ ቆምኩ።

ከበሮው መታ። የጥንቶቹ ደንበኞች ጨለማውን ሊቀበሉ ተዘጋጅተው አንዳንዱ ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር። አልጨለመም። የሰውዬው ስም ወጣ፣ ከሥሩም የእሷ። ጭብጨባው መሐል ላይ ቀረ። ከዚያ ከፊት ወንበር አንድ ሽማግሌ ስሟን ጮክ ብሎ አነበበው። ሌላዋ ተቀበለችና፣ «እንዴ፣ ይቺ የኛዋ ልብስ ሰፊ አይደለችም እንዴ?» አለች። ጉርምርምታው ከወንበር ወንበር ተላለፈ፣ ሰው አንገቱን ያዞር ጀመር። ጽሑፉ ጠፍቶ ባቡር ጣቢያው ሲመጣ፣ እታለም ከወንበሯ ተነስታ ወጣች።

ማሽኑን ለባለቤቴ ትቼ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኩ። መግቢያው አዳራሽ ውስጥ በትኬት ቆራጯ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ልጄ አጠገቧ መሬት ላይ። ያመማት መስሎኝ ነበር። አላመማትም።

«የመጣሁት ለስሜ ነው፣ አየሁት» አለች። «ሌላውን እናንተ እዩ።»

አብሬያት ተቀመጥኩ። በበሩ ውስጥ የሚያልፈውን ድምፅ አዳመጥን። የባቡሩ ፉጨት አለፈ። ከዚያ ውሃው መጣ፤ ዝናብ ሳይሆን ውሃ መሆኑን ጆሮዬ የለየው ያን ቀን ነው። እታለም ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ገብተሽ እይና ንገሪኝ» አለችኝ። «እንደበረዳት ይታያል?»

በሩን ገፋ አድርጌ ቆምኩ። ስንት ጊዜ ያየኋትን ልጅ እንደገና አየኋት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ጣቶቿ አይታጠፉም። ጥርሷ እንዳይንገጫገጭ መንጋጋዋን ገጥማለች። ይህን ሁሉ ስመለከት ኖሬ ፍቅር ነው ስል ከርሜያለሁ። አዳራሹ ውስጥ ማንም እጅ የሚያያዝ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ካፖርቷን ወደ ደረቷ ስባ ነበር።

ተመልሼ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ።

«ይታያል፣ እታለም» አልኳት። «በጣም በርዷታል።»

ልጄ እጇን ስትይዛት፣

«በጣም በርዶኝ ነበር» አለች።

ውሃው ስለተለቀቀባት ቀን ከራሷ አፍ የሰማሁት ይህንን ብቻ ነው።